ትሪዮ 650ን ሦስት ሳምንት አዳማ ላይ ሠራሁበት፤ ያየሁትን ልንገራችሁ

አዋሽ ማዶ

ሰላም ቤተሰብ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።

ባለፈው ወር አጎቴ ዕቃ ቤታቸውን ሲያጸዱ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡና «ይሄን ውሰደው፣ አንተ ትወዳለህ» አሉኝ። ውስጡ የደበዘዙ ደረሰኞች፣ የሁለት መኪና ቁልፍና አንድ ወፈር ያለ ስልክ ነበር። ፓልም ትሪዮ 650 ነው። አናቱ ላይ አጭር አንቴና ቆሟል። ስክሪኑ በጣትም በብዕርም ይነካል፤ ብዕሩ ከጀርባው ጥግ ተመዞ ይወጣል። ከስክሪኑ ሥር ደግሞ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ የፊደል ቁልፎች ተደርድረዋል።

አጎቴ በ1997 ከዱባይ ነው ያስመጡት። የጭነት መኪና ስምሪት ላይ ነበሩ፤ ከአዳማ ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮችን ነበር የሚያሰማሩት። እኔም ዛሬ የምሠራው ያንኑ ሥራ ነው። ስለዚህ እቃውን መደርደሪያ ላይ ከማስቀመጥ ዋናውን ሲሜን አስገብቼ ልሥራበት አልኩ። የዛሬዋ ሲም ትንሽ ናት፤ በፕላስቲክ አዳፕተር አሳድጌ አስገባኋት። አንድ ደቂቃ ያህል ፈለገና ኔትወርክ ያዘ። 2ጂ እስካለ ድረስ ይሠራል።

ለማያውቁት፦ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2004 ነው ይፋ የሆነው። አይፎን ሲታይ ገና ከሁለት ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። ፕሮሰሰሩ 312 ሜጋኸርዝ ነው። ስክሪኑ 320 በ320 ነጥብ ነው፤ ካሬ። ሚሞሪው 32 ሜጋባይት ሲሆን ለባለቤቱ የሚተርፈው 23 ገደማ ነው። ካሜራው 640 በ480፤ ዛሬ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ የምታገኙት ዓይነት። ዋይፋይ የለውም።

አሁን ወደ ሥራው። ሾፌር ከአዋሽ ይደውላል፦ «ጎማ ፈነዳ፣ ኪሎ ሜትሩ ይሄን ይላል፣ እዚህ ነው ያለሁት።» በዛሬው ስልኬ መጀመሪያ ወረቀት እፈልጋለሁ፤ ወይም ስፒከር ከፍቼ፣ ከጥሪው ወጥቼ፣ ማስታወሻውን ፈልጌ እጽፋለሁ። ትሪዮው ላይ ወሬው ሳይቋረጥ ማስታወሻውን እከፍትና በሁለት አውራ ጣቴ እጽፋለሁ። ቁልፎቹ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ናቸው፤ ሳላይ እነካቸዋለሁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ባጃጅ ውስጥ፣ ከፖስታ ቤት ወደ ቦኩ በሚወስደው ኮብልስቶን ላይ እየተንገጫገጭኩ የሰሌዳ ቁጥር ጽፌያለሁ። አንድም አልተሳሳትኩም። በመስታወት ስክሪን ይሄን አልችልም።

ሌላ የወደድኩት ነገር አናቱ ላይ ያለችው ማንሸራተቻ ናት። ወደ አንድ ጎን ስትገፋ ስልኩ ዝም ይላል። ለቅሶ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ስብሰባ ስገባ ኪሴ ውስጥ እንዳለ በጣቴ ገፋ አደርጋታለሁ። ስክሪን ማብራት የለም። ይሄ ለምን ከሁሉም ስልክ እንደጠፋ አይገባኝም።

ያልወደድኩትም ብዙ ነው። ከባድ ነው፤ 178 ግራም በሸሚዝ ኪስ አይያዝም። አንዳንዴ ምንም ሳልነካው ጠፍቶ እንደገና ይነሳል፤ ይሄ የዚህ ሞዴል የታወቀ ጠባይ ነው። አቧራው ደግሞ የአዳማን ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ በቁልፎቹ መሀል ይገባል፤ ማታ ማታ በጥርስ ብሩሽ አጸዳለሁ። ከሁሉም በላይ ግን አማርኛ የሚባል ነገር አያውቅም። በዚህ ላይ በኋላ እመለሳለሁ።

ባጭሩ፣ እንደ ደብተር ሳየው እስካሁን ከያዝኳቸው ሁሉ ይበልጣል። እንደ ስልክ ደህና ነው። የእኔ ዋና ስልክ መሆን ግን አይችልም። እናንተስ? በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ እቃ የያዛችሁ አላችሁ?

ፍራንኮ 04

ጥሩ ጽሑፍ ነው ወንድሜ፤ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። በጣም ርካሹ አንድሮይድ እንኳ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ማስታወሻ አለው፣ ቴሌብር አለው፣ ካርታ አለው። ታዲያ የሃያ ዓመት እቃ መገምገም ለማን ይጠቅማል? ትዝታ ከሆነ ይገባኛል። ግምገማ ከሆነ ግን ከምን ጋር አወዳድረህ ነው «ይበልጣል» የምትለው?

አዋሽ ማዶ

ጥያቄህ ተገቢ ነው። በፍጥነት አላወዳደርኩም፤ በፍጥነት ከሆነ ውድድር የለም።

የለካሁት ሌላ ነገር ነው። ፓልም ውስጥ ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች አንድ ሥራ ለመጨረስ ስንት ጊዜ መንካት እንደሚያስፈልግ ይቆጥሩ ነበር። ከበዛ ለምን ብለው ይጠይቃሉ። የመሥራቹ የጄፍ ሃውኪንስ ታሪክ ደግሞ የታወቀ ነው። የመጀመሪያውን ፓልም ከመሥራታቸው በፊት በኪሳቸው ልክ የተቆረጠ ጣውላ ይዘው ይዞሩ ነበር። ቀጠሮ ሲጠየቁ ጣውላውን አውጥተው እንደሚሠራ እቃ ይነካኩት ነበር። ምን ምን ቢኖረው በእርግጥ እንደሚያወጡት ለማወቅ ነው። እቃው እ.ኤ.አ. በ1996 በ299 ዶላር ወጣ።

እኔም ቆጠርኩ። ስክሪኑ ጠፍቶ ሳለ የዛሬ ቀጠሮዬን ለማየት፦ የቀን መቁጠሪያውን ቁልፍ አንዴ፣ ለመክፈት መሀለኛውን አንዴ። ሁለት። የእኔ አንድሮይድ ላይ በጣት አሻራ ከፍቼ፣ ገጽ አዙሬ፣ መተግበሪያውን ነክቼ፣ እስኪጫን ጠብቄ ነው። ሾፌር ስም ለመፈለግ ደግሞ የስሙንና የአባቱን መጀመሪያ ፊደል ብቻ እጽፋለሁ፤ ስሙ ይመጣል። ሁለት መቶ ሰው መዝግበህ በቀን ሰባና ሰማንያ ጊዜ የምትደውል ከሆነ ይሄ ልዩነት ማታ ላይ ይሰማሃል።

ለማን ይጠቅማል ላልከው፣ ለእኔ ጠቅሞኛል። አሁን ከስልክ ምን እንደምፈልግ በግልጽ አውቃለሁ። ሱቅ ስሄድ ካሜራው ስንት ነው ብዬ አልጀምርም።

ጠጋኙ ከፖስታ ቤት

ሰላም። ሞባይል ጥገና ላይ ከቆየሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ትሪዮ በእጄ ያለፉት ሦስት ናቸው። ሁሉም ከዓረብ አገር የመጡ ነበሩ።

መጀመሪያ ባትሪውን ጠይቄህ ነበር የምጀምረው። ቆርቆሮ ውስጥ ይሄን ሁሉ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ አብጦ ይሆናል። አብጦ ከሆነ እባክህ ቻርጅ አታድርገው፣ አትጫነው፣ ልጆች እጅ ላይም አይድረስ። ሊቲየም ነው፤ ይቃጠላል።

ሁለተኛው ስለ ታቹ፣ ማለትም ስለሚነካው ስክሪን ነው። ይሄ እንደ ዛሬዎቹ አይደለም። የዛሬው ታች የሰውነታችንን ኤሌክትሪክ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ በጥፍር አይሠራም፣ ጓንት ካደረግህ አይሠራም፣ እጅህ እርጥብ ከሆነ ይዘባርቃል። የትሪዮው ታች በግፊት ነው የሚሠራው። ላይኛው ስስ ፕላስቲክ ሲጫን ከታችኛው ጋር ይገናኛል፤ እዚያ ላይ ስልኩ ቮልቴጅ ለክቶ ቦታውን ያውቃል። በጥፍር፣ በክብሪት እንጨት፣ በጓንት ሁሉ ይሠራል። በሁለት ጣት ከፍቶ ማስፋት ግን የለም። አንድ ነጥብ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ጉዳቱ ሲያረጅ ይመጣል። እዚህ ስትነካ እዚያ ይሰማል። ሰው ስክሪኑ ተበላሸ ብሎ ያመጣዋል። አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። ማስተካከያው ውስጥ ገብተህ የሚታዩህን ምልክቶች በብዕሩ ጫፍ መሀላቸውን ስትነካ ይስተካከላል። ካልተስተካከለ ጠርዙ ሥር አሸዋ ገብቷል ማለት ነው። የአዳማ አሸዋ ደቃቅ ነው። ቀስ ብለህ በቀጭን ወረቀት ጠርዙን ብትጠርገው ይወጣል። ሁለቱን እንዲያ ነው ያዳንኳቸው።

አዋሽ ማዶ

ጠጋኙ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዎ፣ ባትሪው አብጦ ነበር፤ ጀርባው ሳይገጥም ቀርቶ ነው ያወቅኩት። አውጥቼ አስወገድኩት። አሁን የምጠቀመው አንድ ጓደኛዬ ከዱባይ ያመጣልኝን ተመሳሳይ ባትሪ ነው። ቻርጀሩ የራሱ መሰኪያ ስላለው እዚህ አላገኘሁም። ባትሪውን አውጥቼ በሁለት ሹል መርፌ በሚይዘው ዩኒቨርሳል ቻርጀር ነው የምሞላው። ሌሊት ግን አልሰካውም፤ ቁጭ ብዬ እያየሁት ነው። 1800 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው አዲስ ሲሆን ነው። የእኔው ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ያደርሰኛል።

ታቹም ልክ እንዳልከው ነበር። «ተመለስ» ስነካው «ሰርዝ» ይሰማ ነበር። ዛሬ ጠዋት አስተካከልኩት። አሁን ልክ ነው።

መንገድ ቀያሽ

እኔ ከናንተ ትንሽ ሸምገል እላለሁ። በ1996 እና 97 መንገድ ሥራ ላይ ቅየሳ ስሠራ አንድ ፖኬት ፒሲ ስልክ፣ ማለትም በዊንዶውስ የሚሠራ የኪስ ኮምፒውተር ነበረኝ። ቁልፍ የሌለው፣ ፊቱ ሁሉ ስክሪን የሆነ፣ ሦስት ኢንች ተኩል። ፕሮሰሰሩ 400 ሜጋኸርዝ፣ ሚሞሪው 128 ሜጋባይት። በወረቀት ላይ ከትሪዮው ይበልጣል። እውነት ለመናገር እኔም ትሪዮ የያዘ ሰው ሳይ «ይሄ ትንሽ ስክሪን» እል ነበር።

ከስክሪኑ የወደድኩት ፀሐይ ላይ መታየቱን ነው። የፀሐዩን ብርሃን ራሱን ከጀርባ አንጸባርቆ ይጠቀምበታል። መተሐራ ሜዳ ላይ እኩለ ቀን ያለ ጥላ ቁጥር አነብ ነበር። ዛሬ የያዝኩት ስልክ ብርሃኑን እስከ ጫፍ ካልጨመርኩ አይታየኝም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ባትሪው ያልቃል።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እስከ ዊንዶውስ ሞባይል 5 ድረስ፣ ማለትም እስከ 2005 እ.ኤ.አ.፣ እነዚያ ስልኮች የምትጽፉትን ሁሉ የሚያስቀምጡት በራም ላይ ነበር። ራም መብራት ይፈልጋል። ባትሪው ጨርሶ ካለቀ ሁሉም ይጠፋል። ስልኩ ሲነሳ ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ ነው የሚነሳው።

እኔ ላይ ደርሷል። መስክ ላይ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ የመኪናው ቻርጀርም ሌላ ሰው ጋ ሄዷል። ስልኩን ቦርሳ ውስጥ አስቀምጬ ረሳሁት። በአራተኛው ቀን ሳበራው ብዕሩን እንዳስተካክል ይጠይቀኛል። የአሥራ አንድ ቀን ነጥብ ነበር የያዘው። ካርድ ላይ ያስቀመጥኩት የአራት ቀኑን ብቻ ነው። የቀረውን እንደገና በእግር ሄደን ለካን። ረዳቶቼ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ያ ዝምታ አሁንም ይታወሰኛል።

ስለዚህ አዋሽ ማዶ፣ የአጎትህ ስልክ ሲነሳ ባዶ ነበር ወይስ የተጻፈ ነገር ነበረው?

አዋሽ ማዶ

ጋሼ፣ ይሄን ስላነሱ ደስ አለኝ። ባዶ አልነበረም።

አጎቴ ስልኩን የተዉት በ2003 ነው። ባትሪው ውስጡ ሞቷል። አዲሱን ባትሪ ከትቼ ሳበራው ሁሉም ነበር። ከመቶ በላይ ማስታወሻ፣ የሾፌሮች ስም፣ የቀጠሮ መዝገብ። ትሪዮ 650 ከቀድሞው ከ600ው የሚለይበት ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ መረጃውን በፍላሽ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። መብራት ባይኖርም አይጠፋም።

በጊዜው ግን ይሄው ለውጥ ነው ሰውን ያስቆጣው። አዲሱ አሠራር ለትንሹም ለትልቁም መረጃ ቁርጥ ያለ ቦታ ስለሚይዝ፣ አንድ መስመር የሆነች ማስታወሻም ከሚገባት በላይ ትወስድ ነበር። ከ600ው ወደ 650 የዞሩ ሰዎች መረጃቸው አልገባ አላቸው። ኩባንያው ቅሬታ ላቀረቡት ነፃ የሚሞሪ ካርድ እስከ መስጠት ደርሷል። ያን ጊዜ ብገመግመው እኔም ነጥብ እቀንስበት ነበር። ዛሬ ከሁሉም በላይ የማመሰግነው ያንኑ ነው።

የወንጂ ልጅ

በጣም ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ሁለት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛ፣ እኔ የእህል መጋዘን ሒሳብ ነው የምሠራው። ኤክሴል ይከፍታል?

ሁለተኛ፣ እናቴ የታች ስልክ አልሆነላትም። ጣቷ በሥራ የደረቀ ነው፤ ስትነካው አይሰማላትም። ሁለት ገዝቼላት ሁለቱንም መልሳ ሰጠችኝ። ጠጋኙ ስለ ግፊት የጻፈውን ሳነብ፣ እንዲህ ያለ አሮጌ ስልክ ባገኝላት ይሻላት ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ጠጋኙ ከፖስታ ቤት

እህቴ፣ ለእናትሽ ትሪዮ አትፈልጊ። ቁልፎቹ ለደረቀ ጣት በጣም ትንንሽ ናቸው፤ ጽሑፉም እንግሊዝኛ ነው። መለዋወጫም የለውም። ትልልቅ ቁጥር ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ግዢላት። ሲገዙ ግን አንድ ነገር አረጋግጪ፤ ምናሌው አማርኛ መሆኑን ሱቁ ውስጥ አስከፍተሽ እይ።

የታች ስልክ የግድ ካስፈለጋት፣ አንዳንዶቹ ማስተካከያ ውስጥ «የንክኪ ስሜት» ወይም «የጓንት ሁኔታ» የሚል አላቸው። ያንን ስታበሪው ለደረቀ እጅም ይሰማል። ስክሪን ላይ የተለጠፈው ወፍራም መከላከያም ሲነሳ ይሻላል። ይዘሻት ነይና እዚሁ እንሞክርላት፤ ለሙከራ ገንዘብ አልቀበልም።

አዋሽ ማዶ

የወንጂ ልጅ፣ ኤክሴል ይከፍታል። ዶክዩመንትስ ቱ ጎ የሚባል ፕሮግራም አብሮት ይመጣል፤ ዎርድም ኤክሴልም ያያል፣ ያስተካክላል። የድሮውን ፋይል ዓይነት መሆን አለበት። አንድ የነዳጅ ሠንጠረዥ በካርድ አስገብቼ ሞክሬዋለሁ። ይሠራል፤ ግን ስክሪኑ ካሬ ስለሆነ አራተኛውን አምድ ለማየት ወደ ጎን መጎተት አለብሽ። ለሒሳብ ሥራ አልመክርሽም። ካርዱም ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነውን አልተቀበለኝም።

እናትሽን ጠጋኙ ጋ ውሰጃት። ሰውዬውን አውቀዋለሁ፤ ያለውን ያደርጋል።

አሁን ቃል ወደገባሁት ወደ አማርኛው ልመለስ። የአጎቴን ማስታወሻዎች ስከፍት ሁሉም በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። «ጎማ» የምትለውን በአራት የእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈዋታል። ከሥሯ ሰሌዳ፣ ኪሎ ሜትር፣ ቀን። ቀኑ በእኛ ነው፤ ግን ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ስለሆነ የቀጠሮ መዝገቡ ውስጥ በየቀኑ ራስ ላይ የእኛን ቀን በእጃቸው እየጻፉ ነበር የሚያስገቡት። በየቀኑ። ስድስት ዓመት። ጳጉሜን ለብቻዋ አላት። «ጠ» እና «ተ» ሲለዩ አንዷን በትልቅ ፊደል ነው የጻፏት። «ጸ» እና «ሰ» ግን አይለዩም፤ አንዳንዱን ስም አሁን እርሳቸው ራሳቸው ማንበብ አቅቷቸዋል።

ለምን አማርኛ ማስገባት እንዳልተቻለ ፈልጌ ነበር። የፓልም ሲስተም ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ነው የሚመድበው። ያ ማለት በጠቅላላው 256 ቦታ ነው። የእኛ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። «ሏ»፣ «ቋ»፣ «ኳ» እያልን ዲቃሎቹን ስንጨምር፣ ቁጥሩና ነጥቦቹም ሲገቡ፣ ለላቲኑ ቦታ አይተርፍም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚያገኙበት የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ የገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ትሪዮው ከመሠራቱ አምስት ዓመት ቀድሞ። ቦታው ነበር፤ ፓልም ግን ዩኒኮድ አልያዘም። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አማርኛ መልእክት ሲመጣልኝ ማንበብ አልቻልኩም። ባለቤቴ የላከችልኝን እንኳ።

መንገድ ቀያሽ

የእኔው ፖኬት ፒሲ እዚህ ላይ ይሻል ነበር። ዩኒኮድ የያዘ የግዕዝ ፎንት ፈልጌ ፎንቶቹ ያሉበት ፎልደር ውስጥ ስገለብጠው ካሬ ካሬ የነበረው ፊደል ሆኖ ታየ። ያን ቀን ከቢሮ ሳልወጣ አምሽቻለሁ። መጻፊያ ግን አልነበረኝም፤ ማንበብ ብቻ ነበር።

ወጣቶቹ የማታውቁት አንድ ነገር ልጨምር። ትሪዮ የሚመሰገንበት አንዱ ነገር አጭር መልእክትን እንደ ወሬ መደርደሩ ነው። አንተ ያልከው፣ እርሱ ያለው፣ እየተከታተለ በአንድ ገጽ ላይ። ሌላው ስልክ ሁሉ የገባውን ለብቻ፣ የተላከውን ለብቻ ያስቀምጥ ነበር። ግን እዚህ አገር ከ1997 ምርጫ በኋላ አጭር መልእክት ተዘግቶ ነበር። የተከፈተው 2000 ሲብት ነው። አጎትህ ስልኩን የገዙት በዚያው ዓመት ከሆነ፣ ምርጡን ነገር ከሁለት ዓመት በላይ አልነኩትም ማለት ነው።

አዋሽ ማዶ

ልክ ነው ጋሼ። መልእክቶቹን ሳይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት የሐምሌ 97 ናቸው፤ «አልተላከም» ይላሉ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው «እንኳን አደረሰህ» ነው፤ መስከረም 2000።

ፍራንኮ 04

ተከታትዬ እያነበብኩ ነው። ጥያቄዬን መልሳችሁልኛል፤ አመሰግናለሁ። እኔም ትንሽ አነበብኩ። የመጀመሪያው ባለ ታች ስልክ አይቢኤም ሳይመን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው። ግማሽ ኪሎ ይመዝናል፣ ባትሪው አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚናገረው። ከኮንትራት ጋር 899 ዶላር ነበር፤ 50,000 ገደማ ተሽጦ ቆመ። እና ከሳይመን እስከ ትሪዮ አሥር ዓመት ሲታይ፣ ባትሪው ቀን ማዋሉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ኢንተርኔቱስ? ትሪዮው ላይ ድረ ገጽ ይከፍታል?

አዋሽ ማዶ

አይከፍትም ማለት ይቻላል። ብሮውዘሩ አለ፤ ዳታውም በ2ጂ ይገናኛል። ግን የዛሬ ድረ ገጾች ሁሉ በሚስጥር ቁልፍ ነው የሚነጋገሩት፤ ያንን አዲሱን ቁልፍ ትሪዮው አያውቀውም። በሩ ላይ ይመለሳል። ኢሜይልም በዚያው ምክንያት እምቢ አለኝ። ዳታ ላይ እያለ ጥሪም አይገባም፤ አንዱን ነው የሚችለው። ቴሌብር መተግበሪያ የማይታሰብ ነው። ለዚህ ነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲሜን ያወጣሁት።

ማስታወሻዎቹን ግን አሁንም እያወጣሁ ነው። በብሉቱዝ አንድ በአንድ ወደ ዛሬው ስልኬ እልካለሁ፤ ተራ ጽሑፍ ሆነው ይመጣሉ። ማታ ማታ አጎቴ ጋ እሄድና አብረን ወደ ፊደል እንመልሳቸዋለን። እኔ በላቲን የተጻፈውን አነባለሁ፣ እርሳቸው ያርሙኛል። «ሚሌ ነው እንጂ ምን ሚል ትላለህ!»

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ከሾፌሮቹ ቁጥር አሥራ አራቱ አጫጭር ናቸው። ከ09 በኋላ ስድስት አሃዝ ብቻ። ተበላሽተው ይሆን?

መንገድ ቀያሽ

አልተበላሹም! የድሮው ቁጥር ነው። በ1998 መስከረም ላይ የአገሪቱ ቁጥር በሙሉ ወደ አሥር አሃዝ ተቀየረ። የአዳማ መደበኛ ስልክ 02 የነበረው 022 ሆነ። ሞባይሉ ከ09 ቀጥሎ 11 ገባበት። ስለዚህ 09ን ጻፍ፣ 11 ጨምር፣ የቀረውን ስድስት እንዳለ ተወው። አጎትህ የሚደውሉላቸውን አስተካክለዋል። እነዚህን አሥራ አራቱን ከመስከረም 98 ወዲህ አልደወሉላቸውም ማለት ነው።

አዋሽ ማዶ

ትናንት ማታ የሆነውን ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ።

አጎቴ «ባስተካከልከው ስልክ ላይ ይሁን» ስላሉ ሲሜን መልሼ ትሪዮው ውስጥ ከተትኩ። አሥራ አራቱንም ቁጥር 11 እየጨመርኩ አስተካከልኩ። ዘጠኙ «አይገኝም» ይላሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ዛሬ የሌላ ሰው ናቸው፤ በትህትና ይቅርታ ጠይቀን ዘጋን። ሁለቱ ጠርተው አልተነሱም።

አሥራ አራተኛው ተነሳ። አጎቴ ስማቸውን ሲናገሩ ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ድምፅ የለም። ተቋረጠ ብዬ ስክሪኑን ላይ ስል ሰውዬው የድሮውን የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ተናገረ። ቁጥሩን ብቻ። አጎቴ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት፣ ጆሯቸው ላይ አደረጉትና ወደ በረንዳው ወጡ። ሰውዬው አሁን ሎጊያ ነው ያለው፤ መንዳት ትቷል፤ ልጁ ነው የሚነዳው። ሃያ ዓመት ገደማ አልተገናኙም። አርባ ደቂቃ አወሩ።

ሲመለሱ ስልኩ ሞቆ ነበር። ባትሪው ቀይ ላይ ደርሷል። «ድምፁ ግን ጥሩ ነው» አሉኝ፤ «ከአንተው ይሻላል።»

የጥሪ ድምፅን በግምገማዬ ላይ ሳልጽፍ ቀርቼ ነበር። እንግዲህ እዚህ ላይ ጨምሩልኝ። አጎቴ ስልኩን መልሰው ወስደውታል። ሌላ ሲም ዛሬ ጠዋት አወጣንላቸው።

ጠጋኙ ከፖስታ ቤት

እሰይ! እንግዲያው ሁለተኛ ባትሪ ያስፈልጋቸዋል። ያንን በመርፌ የሚይዘውን ቻርጀር ለሽማግሌ አትተውላቸው፤ ዋልታው ከተገለበጠ አደጋ ነው። ስልኩን ይዘህልኝ ና፤ የሌላ ቻርጀር ገመድ ቆርጬ ቋሚ ቻርጀር እሠራልሃለሁ። ቅዳሜ ከምሳ በፊት አለሁ።

የወንጂ ልጅ

እኔም ቅዳሜ እናቴን ይዤ እመጣለሁ።